የኤምዲኤፍና የችፑድ ጥያቄዎቻችሁ፦ ሽታው፣ ማህተሙና ምርመራው

ስለ ኤምዲኤፍ (ከላመ የእንጨት ክር የሚጣበቅ ቦርድ)፣ ስለ ችፑድ (ከእንጨት ፍርፋሪ የሚጣበቅ) እና ስለ ኮምፔንሳቶ (ከስስ የእንጨት ንጣፎች የሚጣበቅ) ጠይቁኝ ካልኩ ወዲህ ከደሴ፣ ከኮምቦልቻ፣ ከሐይቅ፣ ከባቲና ከወልድያ ብዙ ጥያቄ ደርሶኛል። የአብዛኛው ሰው ጭንቀት አንድ ነው፤ «ቦርዱ የደረጃ ማህተም አለው፣ ልመነው ወይ?» የሚል። እንደ አመጣጣቸው ልመልስ።

«ሰላም ጋሼ። አዲስ ቁምሳጥን አሠርተን ልጆቹ ክፍል አስገባን። በሩ ሲከፈት አይን ያቃጥላል። የቀለሙ ነው ወይስ የእንጨቱ?» (ከደሴ)

እህቴ፣ ቫርኒሽ ወይም ቀለም ከተቀባ መጀመሪያ የሚሸተው እሱ ነው። ሲደርቅ ሽታው ይጠፋል። ሳምንታት አልፈውም አይንና ጉሮሮ የሚቆጠቁጥ ከሆነ ግን ቦርዱን ጠርጥሪ። ኤምዲኤፍና ችፑድ አብዛኛውን ጊዜ የሚጣበቁት ዩሪያ ፎርማልዴሃይድ በሚባል ሙጫ ነው። ርካሽ ነው፣ ቶሎም ይጠነክራል። ችግሩ ሙቀትና እርጥበት ሲያገኘው ቀስ በቀስ ይፈርስና ፎርማልዴሃይድ የሚባለውን ጋዝ ይለቃል። ይሄ ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት ይቀጥላል። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ ጋዙን በፈረንጆቹ 2004 በሰው ላይ ካንሰር ከሚያመጡ ነገሮች ተርታ መድቦታል።

አትደንግጪ፤ ዝም ብለሽም አትለፊው። ደሴ ብርድ ነው፣ ማታ መስኮት ይዘጋል፣ ጋዙም እዚያው ይጠራቀማል። ልጆቹን ለጊዜው ሌላ ክፍል አስተኚያቸው። ቀን ቀን መስኮቱንም የቁምሳጥኑንም በር ክፈቺ። ከዚያ አናጢውን ጥሪና ያልተሸፈነውን ጠርዝ፣ ጀርባውን፣ ትርፍ የብሎን ቀዳዳውን ሁሉ አስደፍኚ። ሜላሚን የለበሰው ፊት ጋዙን በደንብ ያፍነዋል። በብዛት የሚያፈሰው የተቆረጠው ጠርዝ ነው። አንድ ነገር ልጨምር፦ የከሰልና የዕጣን ጭስም ፎርማልዴሃይድ አለው። ቡናው የሚፈላው እዚያው ክፍል ከሆነ ለጊዜው ወደ ሌላ ቦታ ይውጣ።

«ቦርዱ ላይ ኢ1 የሚል ታትሟል። ደንበኛ ሲጠይቀኝ የተረጋገጠ ነው ብዬ ልሽጥ?» (የቦርድ ነጋዴ፣ ኮምቦልቻ)

ወንድሜ፣ ኅትመቱ የአምራቹ ቃል ነው። ማረጋገጫው ከጀርባው ያለው የምርመራ ውጤት ነው፤ እሱን ከአስመጪው ጠይቅ።

ኢ1 ቦርዱ የሚለቀውን ፎርማልዴሃይድ የሚገድብ የአውሮፓ መደብ ነው። የሚለካበት ዋናው መንገድ ቦርዱን አየሩ በቁጥጥር ሥር ባለ ዝግ ክፍል ውስጥ ማስቀመጥ ነው። ሙቀቱ 23 ዲግሪ፣ እርጥበቱ 45 በመቶ ይሆናል፤ አየሩ በሰዓት አንዴ ይቀየራል። ቆይታው እስከ 28 ቀን ሊደርስ ይችላል። በመጨረሻ በአንድ ሜትር ኪዩብ አየር ውስጥ ያለው ፎርማልዴሃይድ ከ0.124 ሚሊግራም መብለጥ የለበትም። ሁለተኛው መንገድ ፐርፎሬተር ይባላል። የቦርዱ ቁርጥራጭ በሚፈላ ቶሉዊን (አሟሚ ኬሚካል ነው) ይታጠብና የወጣው ፎርማልዴሃይድ ይለካል። ከ100 ግራም ደረቅ ቦርድ ከ8 ሚሊግራም በላይ ከወጣ ኢ1 አይባልም። ይሄኛው ፈጣን ስለሆነ ፋብሪካዎች ይወዱታል። ግን የሚለካው ቦርዱ ውስጥ ያለውን እንጂ ወደ ቤት አየር የሚወጣውን አይደለም። ስለዚህ ዘዴው ያልተጻፈበት ቁጥር ካሳዩህ አትቀበል።

እኔ ወረቀቱን ስይዝ ቶሎ የማየው የቦርዱን ዓይነትና ውፍረት፣ የምርመራውን ቀንና የባች ቁጥሩን (በአንድ ዙር አብሮ የተመረተው የሚታወቅበትን) ነው። ቀጥሎ ላብራቶሪው በአይኤስኦ 17025፣ ማለትም የላብራቶሪ ብቃት በሚመሰከርበት ዓለም አቀፍ ደረጃ፣ አክሬዲቴሽን እንዳለውና የተጠቀመበት ዘዴ በዚያ ውስጥ እንደተካተተ አያለሁ። ለ18 ሚሊሜትር ኤምዲኤፍ የተሰጠ ወረቀት ለ3 ሚሊሜትሩ አይመሰክርም። ከብዙ ዓመት በፊት የተሰጠም ትናንት ለተራገፈው ጭነት አይመሰክርም። በዚህ ላይ ለማንም አላላላም፤ ገዥው ልጁን የሚያስተኛው አንተ ባልከው ቃል ነው።

«ኢ0 ከኢ1 ይሻላል ይሉኛል። ካርብ የሚባለውስ?» (ከኮምቦልቻ፣ ሌላ ጠያቂ)

ኢ0 በአውሮፓው የቦርድ ደረጃ ውስጥ የለም። በቻይናው የ2021 አመዳደብ ግን አለ፤ ገደቡ በአንድ ሜትር ኪዩብ አየር 0.050 ሚሊግራም ነው። ከሱ የጠበቀው ኢኤንኤፍ ደግሞ 0.025 ነው። ካርብ የአሜሪካዋ ካሊፎርኒያ የአየር ጥበቃ መሥሪያ ቤት ያወጣው ሕግ ነው። የሕጉ ሁለተኛ ዙር ለኤምዲኤፍ 0.11፣ ለችፑድ 0.09፣ ለኮምፔንሳቶ 0.05 ፒፒኤም (ከሚሊዮን እጅ አየር ስንት እጅ ጋዝ) ይላል። ፒፒኤምና ሚሊግራም የተለያዩ መለኪያዎች ናቸው፤ 0.1 ፒፒኤም በግምት 0.124 ሚሊግራም ይሆናል። ቁጥሮቹን ዝም ብላችሁ ጎን ለጎን አታወዳድሩ። አውሮፓም ለእንጨት የቤት ዕቃ ከፈረንጆቹ ኦገስት 2026 ጀምሮ ገደቡን ወደ 0.062 ሚሊግራም አውርዶታል።

«አንድ ዓይነት ቦርድ ደሴ አልሸተተኝም፣ ባቲ ወስጄ ስገጥመው ሸተተ። ቀይረውብኝ ይሆን?» (አናጢ)

ቀይረውብህ ላይሆን ይችላል። ሙቀት ሲጨምር የሚለቀው ጋዝ ይጨምራል። ምርመራው የተሠራው በ23 ዲግሪ ነው፤ የባቲ ቀትር ደግሞ ከዚያ በላይ ነው። ለቆላ የምትሠራ ከሆነ ዝቅ ያለ ቁጥር ያለውን ምረጥ፣ ጠርዙንም አትርሳ።

«ሰርተፊኬት ያለው ችፑድ ነው ብለው ሸጡልኝ። ከእቃ ማጠቢያው ሥር አብጦ ተበላሸ። ሰርተፊኬቱ ውሸት ነው?» (ከሐይቅ)

ሰርተፊኬቱ እውነት ሊሆን ይችላል። ችፑድ በአውሮፓ ደረጃ ከፒ1 እስከ ፒ7 ይመደባል። ለቤት ዕቃ በብዛት የሚሸጠው ፒ2 የተሠራው ለደረቅ ቦታ ነው። ይፈተናል፤ ግን የሚፈተነው እስኪሰበር የሚሸከመው ጭነትና መሃሉ እስኪላቀቅ የሚችለው ጉተታ ነው። ውሃ ውስጥ ምን ያህል ያብጣል የሚል መስፈርት ለፒ2 የለም። ለእርጥበት ቦታ ፒ3፣ ፒ5 ወይም ፒ7 ጠይቅ፤ ፒ4ና ፒ6 ለደረቅ ቦታ ናቸው። አረንጓዴ መሃል ስላየህ ብቻም አትመን፤ ቀለም ይጨመራል እንጂ አይመረመርም።

እዚያው ሱቅህ የምትሞክረው አለ። ቦርዱን አምስት በአምስት ሴንቲሜትር አድርገህ ቁረጥ፣ ውፍረቱን በካሊፐር ለካ፣ 24 ሰዓት ውሃ ውስጥ ንከረው፣ መልሰህ ለካ። ላብራቶሪም የሚያደርገው በመሠረቱ ይህንኑ ነው፣ ሙቀቱን 20 ዲግሪ ላይ ጠብቆ። ከ12 እስከ 19 ሚሊሜትር ለሆነ ተራ ኤምዲኤፍ የአውሮፓው ገደብ 12 በመቶ ነው። ያንተ ሙከራ ሰርተፊኬት አይሆንም፤ ከሁለት ሻጭ አንዱን ለመምረጥ ግን ይበቃል።

«ከጓደኞቼ ጋር ቦርድ ማምረት አስበናል። ማረጋገጫው ከየት ይጀምራል?» (ወጣት ኢንጂነር፣ ኮምቦልቻ)

በርቱ፣ ደስ የሚል ሐሳብ ነው። ደረጃውን የሚያወጣው የኢትዮጵያ ደረጃዎች ኢንስቲትዩት ነው፤ ከሱ ጀምሩ። የመመርመርና ሰርተፊኬት የመስጠት አገልግሎት ያለው የኢትዮጵያ ተስማሚነት ምዘና ድርጅት ነው። የትኞቹን ዘዴዎች እንደሚሠራ አስቀድማችሁ በጽሑፍ ጠይቁ። ከዚያ በላይ የሚከብደው ግን የእናንተው ቤት ሥራ ነው። ሙጫውና የፕሬሱ ሙቀት በየፈረቃው መመዝገብ አለበት፤ ከየባቹም ናሙና ይቀመጣል። በአሜሪካ ሕግ የውጭ አረጋጋጭ ቢያንስ በየሦስት ወሩ ያስመረምራል፣ ፋብሪካው ደግሞ በመሃል ራሱን ይፈትሻል። ያንን ልማድ ከመጀመሪያው ቀን ያዙ።

«ኤምዲኤፍ ስቆርጥ ያስለኛል። በጨርቅ እሸፈናለሁ፣ ይበቃል?» (ወርክሾፕ የሚማር ልጅ፣ ደሴ)

አይበቃም፣ ልጄ። የኤምዲኤፍ ዱቄት በጣም የላመ ነው፣ በጨርቅ ያልፋል። የእንጨት ብናኝ ራሱ ካንሰር ከሚያመጡት ተመድቧል። ኤን95 ወይም ኤፍኤፍፒ2 ማስክ ይገዛልህ፣ መጋዙም ደጅ ይውጣ። አሠሪህ ይህን ካነበበ ለሱም እየነገርኩት ነው፦ ኢ1 የተጻፈበት ቦርድም ዱቄቱ ዱቄት ነው።

«ለትምህርት ቤት ወንበርና ጠረጴዛ ልንገዛ ነው። ጨረታው ላይ ምን እንጻፍ?» (የግዢ ኮሚቴ፣ ወልድያ)

«ጥራቱን የጠበቀ» ብላችሁ አትጻፉ፤ ማንም ያሟላዋል። የቦርዱን ዓይነትና ውፍረት፣ የፎርማልዴሃይድ ገደቡን ከነዘዴው፣ ጠርዙ በሙሉ እንዲሸፈን ጻፉ። የምርመራው ውጤት ከሚቀርበው ባች ጋር እንዲገናኝ ጠይቁ። ዕቃው ሲገባ አንዱን ጠረጴዛ ገልብጡና ከሥር ያለውን ጠርዝ እዩት። ባዶ ከሆነ አትፈርሙ።