ከኮዬ ፈጬ አራተኛ ፎቅ፦ ስለ ቤት ሰርቨር ለጠየቃችሁኝ

ባለፈው «ቤቴ ያለ አሮጌ ላፕቶፕ ድረ ገጽ ያስተናግድልኛል» ማለቴ የጥያቄ ዝናብ አወረደብኝ። ላፕቶፑ፣ ማለትም ሰርቨሬ፣ ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ፣ የጫማ መደርደሪያ ላይ ተቀምጧል። እሱ ያስተማረኝን ያህል እመልሳለሁ። ተመሳሳዮቹን ጥያቄዎች አንድ ላይ አድርጌያቸዋለሁ።

ራውተሬ ላይ ፖርት 80 እና 443ን (ድረ ገጽ የሚገባባቸውን በሮች) ወደ ኮምፒውተሬ መራሁ። ቤት ውስጥ ይከፍታል፣ ከውጭ ግን ጭጭ ነው። ሦስት ቀኔ ነው። ምን አጠፋሁ? (ከለገጣፎ)

ምናልባት ምንም አላጠፋህም። እኔም በዚሁ ነገር ሁለት ቅዳሜና እሁድ ጨርሻለሁ። አሁን ራውተሩን መነካካት ተውና አንድ ነገር እይ። የራውተሩ ገጽ ላይ «ዋን» (WAN፣ የውጭው መስመር) የሚል ክፍል አለ። እዚያ ያለውን አይፒ አድራሻ (ኢንተርኔት ላይ እንደ ቤት ቁጥር የሚያገለግለውን) ወረቀት ላይ ጻፈው። ቀጥሎ አይፒህን የሚነግርህ ድረ ገጽ ክፈትና አስተያይ። ሁለቱ ቁጥሮች አንድ ከሆኑ ጣጣው ከራውተርህ ወይም ከኮምፒውተርህ ፋየርዎል (ያልተፈቀደ ግንኙነት የሚያግደው ፕሮግራም) ነው፤ ይገኛል። ከተለያዩ ግን ፖርት ከፈትክ አልከፈትክ ለውጥ የለውም። በተለይ የራውተሩ ቁጥር በ«10.» (አሥር ነጥብ) የሚጀምር ከሆነ፣ ወይም ከ100.64 እስከ 100.127 ባለው ውስጥ ከወደቀ፣ በከንቱ አትድከም።

ነገሩ እንዲህ ነው። የድሮው አይፒ፣ ማለትም ቨርሽን 4፣ ያለው አድራሻ በጠቅላላው 4.3 ቢሊዮን ገደማ ነው። ለዓለም አልበቃም። ስለዚህ አቅራቢዎች ብዙ ደንበኛ ከአንድ የውጭ አድራሻ ጀርባ ያስቀምጣሉ። ይህ ሲጂናት (CGNAT) ይባላል። የ100.64 ቁጥሮችም ለዚሁ ሥራ የተለዩት በ2012 ነው። እንደኛ ሰፈር አስበው፦ ግቢው አንድ ዋና በር፣ አንድ ዘበኛ አለው። አንተ የቤትህን በር ወለል አድርገህ ከፍተሃል። እንግዳህ ግን ዋናው በር ላይ «ማን ጋ ነህ?» ሲባል መልስ የለውም። ዘበኛው ደግሞ ያንተ ተቀጣሪ አይደለም።

እሺ ጋሼ፣ ታዲያ ምን ይሻላል?

ጋሼ እንኳን ገና ነኝ። መንገዱ ሦስት ነው።

አንደኛው አቅራቢህን የራስህ የሆነ የውጭ አይፒ መጠየቅ ነው። ብዙ ጊዜ ለድርጅት መስመር፣ በተጨማሪ ክፍያ የሚሰጥ ነገር ነው። እኔ ስጠይቅ ስልኩን ያነሳው ልጅ ሦስት ጊዜ «ራውተሩን አጥፍተህ አብራው» አለኝ። አጥፍቼ አበራሁት።

ሁለተኛው፣ እኔም የያዝኩት፣ ከውስጥ ወደ ውጭ መውጣት ነው። ዘበኛው ከውጭ የሚመጣን ያግዳል እንጂ ከውስጥ የሚወጣን አይከለክልም። የወጣውንም ስለሚያስታውስ መልሱን ያስገባለታል። ታነል የሚባለው በዚህ ላይ የቆመ ነው። ክላውድፍሌር ታነል ኮምፒውተርህ ላይ ትንሽ ፕሮግራም ያስቀምጣል፤ ፕሮግራሙ ራሱ ወደ ውጭ ደውሎ መስመሩን ክፍት አድርጎ ይጠብቃል። ጎብኚው ክላውድፍሌር ጋ ይደርሳል፣ በዚያ መስመር አንተ ጋ ይመጣል። ራውተር ላይ አንድም ፖርት አትከፍትም። ታነሉ በነጻ ነው፣ ዶሜይን (የድረ ገጽህን ስም) ግን መግዛት አለብህ። ዶሜይን ከሌለህ ቴይልስኬል ፈነል የሚባለው ተመሳሳይ አገልግሎት የራሱን ስም ይሰጥሃል።

አንድ የማልወደው ነገር አለ፦ የጎብኚዎችህ ዳታ ክላውድፍሌር ጋ ከተመሰጠረበት ተፈቶ ነው የሚያልፈው። ማየት ቢፈልጉ ያያሉ። ይህ ከከበደህ ሦስተኛው አለ፦ ውጭ አገር ትንሽ ሰርቨር ተከራይተህ በዋየርጋርድ (የተመሰጠረ መስመር በሚዘረጋ ፕሮግራም) ከቤትህ ጋር ማገናኘት። ክፍያው በውጭ ምንዛሬ ነው። ካርድ የሌለው ሰው ውጭ ያለ ዘመድ ማስቸገሩ አይቀርም።

የውጭ አይፒ አለኝ፣ ግን መብራት ሄዶ በመጣ ቁጥር ይቀየርብኛል።

ዳይናሚክ ዲኤንኤስ አድርጊ። ዳክዲኤንኤስ የሚባለው አገልግሎት ነጻ ነው። ኮምፒውተርሽ በየጥቂት ደቂቃው «አሁን እዚህ ነኝ» እያለ ይነግረዋል፣ ስሙ ሳይቀየር ቁጥሩ ይቀየራል። ራውተሩ ላይም ለኮምፒውተሩ ቋሚ የውስጥ አይፒ ያዢለት፤ አለበለዚያ የመራሽው ፖርት አንድ ቀን የቴሌቪዥኑ ላይ ያርፋል።

ከቤት በዶሜይኔ ስሞክር አይከፍትም፣ አዳማ ያለችው እህቴ ጋ ግን ይሠራል!

ይሠራል ማለት ነው። አንዳንድ ራውተር ከውስጥ ወጥቶ ወደ ውስጥ የሚታጠፍን መንገደኛ አያስተናግድም። የስልክህን ዋይፋይ አጥፍተህ በዳታ ሞክር።

መብራቱስ?

አሮጌ ላፕቶፕ የመረጥኩት ለዚህ ነው፤ ባትሪው የራሱ ዩፒኤስ ነው። ለራውተሩ ትንሽ ዩፒኤስ ይሸጣል። አብዛኛው ራውተር 12 ቮልት ነው፣ ግን ከመግዛታችሁ በፊት የቻርጀሩን ጽሑፍ አንብቡ። ራስበሪ ፓይ (ትንሿን ኮምፒውተር) የምትጠቀሙ ደግሞ ሚሞሪ ካርዱን አትመኑት። እየጻፈ ሳለ መብራት ከሄደ ይበላሻል። የኔ ፓይ ሁለት ካርድ በልቷል። ኤስኤስዲ ዲስክ አድርጉለት። ታነል ከሆነ መብራት ሲመጣ ራሱ ይገናኛል፤ ፕሮግራሙ ከኮምፒውተሩ ጋር አብሮ እንዲነሳ ማድረጉን ብቻ አትርሱ።

በሲም ካርድ ኢንተርኔትስ ይሆናል?

በታነል ይሆናል። ፓኬጁን ግን ጎብኚዎችህ ይበሉልሃል።

ሀከሮች አይገቡብኝም? እኔን ማን ያውቀኛል ብዬ ነው።

ማወቅ አያስፈልጋቸውም። በ2013 የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ዚማፕ የሚባል መሣሪያ አወጡ፤ የቨርሽን 4ን አድራሻ በሙሉ በአንድ ኮምፒውተር ከ45 ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ያንኳኳል። ስለዚህ በርህ በተከፈተ ቀን ይንኳኳል። እኔ በመጀመሪያው ሌሊት ሎጉን (የሙከራዎቹን መዝገብ) ሳይ «ሩት»፣ «አድሚን» በሚሉ የተጠቃሚ ስሞች ለመግባት የሚሞክረው ብዛት እንቅልፍ ነሳኝ። አሁን ለምጄዋለሁ። የራውተሩን ገጽና የካሜራውን መቅጃ በፍጹም ለውጭ አትክፈት። ኤስኤስኤች (ኮምፒውተሩን ከሩቅ ማዘዣ) ካስፈለገህ በፓስወርድ ሳይሆን በቁልፍ ፋይል ይሁን። አፕዴቱ ራሱ እንዲጭን አድርገው። የሠርግህ ፎቶ ያለበት ላፕቶፕም ሰርቨር አይሁን።

የድረ ገጹ ሰርተፊኬት (https የሚያሰኘው) በየጊዜው ይገዛል?

የለም። ሌትስ ኢንክሪፕት በነጻ ይሰጣል፣ ራሱ እንዲታደስ ይደረጋል። በታነል ከሆነ የጎብኚውን በኩል ክላውድፍሌር ይጨርሰዋል።

የወንድሜን የቤት ዕቃ ሱቅ ድረ ገጽ ቤቴ ላስቀምጠው?

አታስቀምጠው። እናስላው። አንድ ያልተቀነሰ የሶፋ ፎቶ 4 ሜጋባይት ነው፤ 32 ሜጋቢት ማለት ነው። የመላኪያ ፍጥነትህ በሰከንድ 4 ሜጋቢት ቢሆን ለአንድ ገዢ አንድ ፎቶ 8 ሰከንድ ይፈጃል። አሥር ሶፋ ካለው፣ ገዢው ሳይጠብቅ ሌላ ሱቅ ይሄዳል። ፎቶውን አሳንሰህ ታቃልለው ይሆናል፤ መብራቱን ግን አታቃልለውም። ሆስቲንግ (የሌላ ድርጅት ሰርቨር ላይ ቦታ) ግዛለት። የቤቱ ለልምምድ፣ ለራስህ ፋይል፣ ለቤተሰብ አልበም ይሁን። የኔ ሰርቨር ትናንት አራት ሰዓት ሙሉ ጠፍቶ ነበር። ማንም አልደወለልኝም።