ብሪጁ በቋሚ ሲሚንቶ ከመለጠፉ በፊት ማውዝፒስህን ይዘህ ሂድ

ወንድሜ፣ ሁለት የላይኛው የፊት ጥርሶችህ በባጃጅ አደጋ ወልቀው አራት ጥርስ ያለው ብሪጅ (በጎን ባሉት ጥርሶች ላይ የሚለጠፍ ተያያዥ ሰው ሠራሽ ጥርስ) እንደተሠራልህ፣ አሁን በጊዜያዊ ሲሚንቶ እንደተቀመጠ፣ በሚቀጥለው ሳምንት ደግሞ በቋሚ እንደሚለጠፍ ጽፈሃል። ትራምፔቱን ስትነፋ አየር ብቻ ይወጣል። ለምርቃት ሰሞን ከባንዱ ጋር መድረስ ትችል እንደሆነ፣ ወይስ ወደ ትሮምቦን መቀየር እንደሚሻልህ ጠይቀሃል። ልምምዱ ይቆይ፤ የዚህ ሳምንት ሥራህ አንድ ነው። በማውዝፒስ (ከንፈርህ በሚያርፍበት የትራምፔቱ አፍ) ተሞክሮ አንተ ራስህ "ይሁን" ሳትል ቋሚው ሲሚንቶ እንዳይገባ።

1. ከንፈርህ የሚያርፈው በእነዚያ የፊት ጥርሶች ላይ ነው። ርዝመታቸው ወይም ውፍረታቸው በግማሽ ሚሊሜትር ሲለወጥ መስተዋት ላይ አይታይም፤ ከንፈርህ ግን ያውቀዋል። ብሪጁ በጊዜያዊ ሲሚንቶ እስካለ ድረስ ይነቀላል፣ ጠርዙ ይሞረዳል፣ ፖርስሊን ከሆነም ላብራቶሪ ተመልሶ ሊጨመርበት ይችላል። በቋሚ ከተለጠፈ በኋላ ግን ለማውጣት ብዙ ጊዜ በመሰርሰሪያ መቁረጥ ግድ ይሆናል፤ ያኔ አዲስ ብሪጅ፣ አዲስ ልክ፣ አዲስ ክፍያ ነው። ሥራው ከጅማ ወደ አዲስ አበባ ላብራቶሪ የሚላክ ከሆነ ደግሞ ለእያንዳንዱ እርማት 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ሄዶ እስኪመለስ ትጠብቃለህ። ስለዚህ ቀሪውን ክፍያ ከሙከራው በኋላ ብታደርገው ይሻላል።

2. ሙከራው ማደንዘዣ ሳትወጋ ይሁን። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ማደንዘዣው ከንፈርን ለሰዓታት ያደነዝዛል፤ በደነዘዘ ከንፈር "ተስማምቶኛል" ማለት ዋጋ የለውም። ቀጠሮ ስትይዝ "መጀመሪያ እሞክራለሁ፣ መርፌው ከዚያ በኋላ" ብለህ አስቀድመህ ተናገር።

አንዳንድ ክሊኒክ ማውዝፒስ ከኪስህ ስታወጣ ይስቁብሃል። "ጥርስ የሚሠራው ለማኘክ ነው" የሚል መልስም ትሰማለህ። ይህ ንግግር ያናድዳል፤ የሰውን እንጀራ አለማክበር ነው። አንተ ግን ክርክር ውስጥ አትግባ፤ ሐኪሙ በሚገባው መንገድ ተናገር፦ "ማውዝፒሱ እዚህ ጋ ያርፋል፣ ጠርዙ እዚህ ጋ ይወጋኛል፣ የድሮ ጥርሴ ይህን ያህል ያጥር ነበር።" ከአደጋው በፊት ጥርስህ የሚታይበት ፎቶ ካለህ ይዘህ ሂድ። ቀድሞ የተወሰደ የጄሶ ልክ ካለማ ከፎቶም ይበልጣል። ፍንጭት ከነበርክ ደግሞ ይህን ሳትናገር አትውጣ፤ ለማሳመር ብለው ይዘጉታል፣ አየርህ ግን በዚያ መውጣት ለምዶ ሊሆን ይችላል። በብሪጅ ላይ ክፍተት መተው ከባድ ቢሆንም ጥርሶቹን ከኋላ አያይዞ የሚሠራ ቴክኒሻን አለ።

3. ወንበሩ ላይ ምን ትሞክራለህ? መጀመሪያ በማውዝፒሱ ብቻ ባዝ አድርግ፣ ማለትም ከንፈርህን አርገብግበህ ድምፅ አውጣ፤ ከዚያ ትራምፔቱ ላይ ሰክተህ በሁለተኛው መስመር ላይ ያለውን ሶል በቀስታ ንፋ። ድምፁ የሚመጣው የትራምፔቱን ጫፍ ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ስታዘነብል ብቻ ከሆነ፣ ችግሩ የርዝመት ወይም የማዕዘን ነው። ድምፁ ወጥቶ ከንፈርህ ቶሎ ከዛለ ጥርሱ ወፍራም ወይም ወደ ፊት የወጣ ሊሆን ይችላል። የከንፈርህን ውስጥ በምላስህ ዳስሰህ መስመር የመሰለ ጉዳት ካገኘህ ጠርዙ ስለታም ነው፤ ይህ ቀላሉ ነው፣ ሞርዶና ወልውሎ ማለስለስ ይበቃል። ጥርሶችህ ሲገጥሙ የሚነካካውን ቦታ በሰማያዊው ወረቀት ሲያዩልህ፣ የታችኛውን መንጋጋ ለመንፋት እንደምታደርገው ትንሽ ወደ ፊት አውጥተህም አሳያቸው።

ጊዜያዊ ሲሚንቶ ደካማ ነው። ቤት ሆነህ ጠንክረህ ብትነፋ ብሪጁ ሊወልቅ፣ ልትውጠውም ትችላለህ። እስኪለጠፍ ድረስ በቀን ጥቂት ደቂቃ፣ ዝግ ባለ ድምፅ ብቻ። ቆሎም ይቅር።

4. ከተለጠፈ በኋላ ያለው ልምምድ ትዕግሥት ነው። ትራምፔቱን መጀመሪያ እጠበው፤ ወራት የተቀመጠ ቱቦ ውስጡ ሻጋታ ይይዛል፣ በጅማ እርጥበት ደግሞ ይብሳል፣ ገና ለሚያገግም ድድ አይሆንም። ቫልቮቹን አውጥተህ ቱቦውን ለብ ባለ ውኃና በዕቃ ማጠቢያ ሳሙና አጥበህ፣ አድርቀህ፣ ቫልቮቹን ዘይት ቀብተህ መልስ።

የመጀመሪያው ሳምንት በመስተዋት ፊት ማውዝፒስ ብቻ፤ ሁለት ሦስት ደቂቃ፣ በቀን ሦስት ጊዜ። ከዚያ ከሶል ወደ ታችኛው ዶ እየወረድክ በሜትሮኖም (ምት ቆጣሪ) 60 ላይ እያንዳንዱን ኖታ ስምንት ምት ያዝ፤ የነፋኸውን ያህል ጊዜ ዕረፍ። ሦስት ሳምንት እስኪሞላ ከሦስተኛው ክፍተት ዶ በላይ አትውጣ። የቀኝ እጅህን ትንሽ ጣት ከመንጠቆው አውጣ፤ ድምፅ እምቢ ሲል ሳታውቀው ትራምፔቱን ወደ አፍህ የምትስበው በእሱ ነው። አሮጌው የከንፈር አቀማመጥህ እንዲመለስ አታስገድድ። ማውዝፒሱን ትንሽ ከፍ፣ ትንሽ ዝቅ አድርገህ ድምፁ ሙሉ የሚሆንበትን ቦታ ፈልግ፤ ያገኘኸው ቦታ ከድሮው ቢለይም እሱ ነው ቦታህ።

ብሪጁን የተሸከሙት ጥርሶች ከነፋህ በኋላ ካመሙህ፣ ብሪጁ ከተነቃነቀ ወይም ከሥሩ መጥፎ ሽታ ከመጣ አቁመህ ወደ ሐኪም ተመለስ። በብሪጁ ሥር በየቀኑ የጥርስ ክር አስገባ። ትኩስ ቡና ከንፈርህ ደንዝዞ እያለ አትጠጣ፤ ሳታውቀው ትቃጠላለህ፣ የተቃጠለ ከንፈር ደግሞ ልምምድህን ያስቆማል። ጫት የምትቅም ከሆነ አፍ ያደርቃል፣ በደረቅ ከንፈር ማውዝፒሱ አይንሸራተትልህም፤ ቢያንስ በልምምድ ቀን ተወው።

ኢምፕላንት (መንጋጋ አጥንት ውስጥ በሚተከል ብረት ላይ የሚሠራ ጥርስ) ለሚያስቡ ሌሎች፦ ብረቱ ከአጥንቱ ጋር እስኪዋሐድ ብዙውን ጊዜ ከሦስት እስከ ስድስት ወር ይወስዳል፤ በዚያ ጊዜ የማውዝፒስ ጫና ማሳረፍ የሚቻለው ሐኪሙ ከፈቀደ ብቻ ነው። የላይኛው መንጋጋ ጥርስ ተነቅሎለት ውኃ ሲጠጣ በአፍንጫው የሚወጣበት ሰው ምንም ነገር ሳይነፋ ወዲያው ሐኪም ጋ ይሂድ።

ትሮምቦኑን በተመለከተ፣ የማውዝፒሱ የውስጥ ስፋት 25 ሚሊሜትር ገደማ ነው፣ የትራምፔቱ 16 ወይም 17። ጠርዙ ሰፋ ባለ ቦታ ላይ ስለሚያርፍ አንድ ጥርስ ላይ የሚከማቸው ጫና ይቀንሳል፤ ለአንዳንዱ እውነተኛ መፍትሔ ነው። ላንተ ግን ገና ነው። ብሪጁ ተስተካክሎ፣ ሦስት ወር በሥርዓት ተለማምደህ ሶል ካልጸናልህ ያኔ እናወራለን። ለምርቃቱ የቀረህ ጊዜ ከሁለት ወር በታች ከሆነ ለባንዱ መሪ አሁኑኑ ንገረው፤ ሦስተኛ ትራምፔት ላይ ዝቅ ያሉትን ኖታዎች ብቻ ይስጥህ፣ ከፍ ያሉትን ሌላ ሰው ይያዝልህ።