ጥያቄና መልስ፦ ውክፔዲያ ላይ ስለ ማን ይጻፋል? ማንስ ይጽፋል?

ባለፈው ጽሑፌ ማንም ሊጽፍበት ስለሚችለው የኢንተርኔት መዝገበ ዕውቀት ስጽፍ «ውክፔዲያ ላይ የለንም እያልን ከማኩረፍ ገብተን እንጻፍ» ብዬ ነበር። ደብዳቤው ጎረፈ። ስድቡን ለብቻው አስቀምጬ፣ ጥያቄ ያለባቸውን እነሆ።

ከባሕር ዳር አንድ ተማሪ ላፕቶፕ የለኝም፣ በስልክ መጻፍ ይቻላል ወይ ይላል።

ይቻላል። ጀምር።

ከደሴ የጻፈችልኝ አንባቢ ተናዳለች። በከተማዋ ስንቱን ያዋለዱ፣ ስንት አዋላጅ ያሰለጠኑ አንዲት ነርስ አሉ። ታሪካቸውን ለእንግሊዝኛው ውክፔዲያ አቀረበች፤ «በቂ ምንጭ የለም» ተብሎ ተመለሰባት። ወንድ ቢሆኑስ? ፈረንጅ ቢሆኑስ? ትላለች።

ወንድ ቢሆኑ ዕድላቸው ይሰፋ ነበር፣ አልዋሽሽም። በእንግሊዝኛው ውክፔዲያ ካሉት የሕይወት ታሪኮች የሴቶቹ 20 በመቶ ገደማ ነው። እሱም የመጣው «ዊሜን ኢን ሬድ» የተባሉ በጎ ፈቃደኞች ከ2015 እ.ኤ.አ. ጀምረው ስለለፉ ነው፤ ሲጀምሩ 15 በመቶ አካባቢ ነበር። ፈረንጅነት ግን ብቻውን አያድንም። ካናዳዊቷ ዶና ስትሪክላንድ በ2018 የፊዚክስ ኖቤል ስትሸለም ገጽ አልነበራትም። ከወራት በፊት ቀርቦላት የነበረው ረቂቅ ልክ እንዳንቺው በምንጭ ጉድለት ተመልሷል። አብሯት የተሸለመው ዤራር ሙሩ ግን ገጽ ነበረው።

አሁን ከንዴትሽ ግማሹን ወደ እኛ አዙሪው። ውክፔዲያ በራሱ አይመሰክርም፤ ሌላ ቦታ የታተመውን ይሰበስባል። ጋዜጠኛው ስለ ነርሷ ካልጻፈ፣ ዩኒቨርሲቲው ካላጠና፣ አሜሪካ፣ ኦሃዮ የተቀመጠ የውክፔዲያ አራሚ ከየት ያምጣው? ስለ ስንዱ ገብሩ ዛሬ መጻፍ የሚቻለው በ1957 እ.ኤ.አ. ለፓርላማ የተመረጡ የመጀመሪያዋ ሴት በመሆናቸው በጊዜው ስለተጻፈላቸው ነው። በዚያው ዘመን ክፍለ ሀገር ወርደው ያስተማሩትን ሴቶች ማን ጻፋቸው? የውጭው መዝገብ ያዳላል፤ የእኛ ወረቀት ደግሞ ቀድሞ ዘሏቸዋል።

ስለዚህ እንዲህ አድርጊ። ብዙዎቻችን ምንጭ እንግሊዝኛ ካልሆነ፣ ኢንተርኔት ላይ ካልተገኘ አይቆጠርም ብለን ራሳችንን እንሰርዛለን። ሐሰት ነው። የአማርኛ ጋዜጣ፣ የታተመበት ቀንና የገጹ ቁጥር ከተጠቀሰ፣ ምንጭ ነው። አዲስ ዘመን ከ1933 ዓ.ም. ጀምሮ ታትሟል። ወመዘክር ወይም የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ቤተ መጻሕፍት ገብተሽ አስፈልጊ። ከነርሷም ከመሥሪያ ቤታቸውም ጋር ያልተዛመደ ሁለት ሦስት ጽሑፍ ከተገኘ እንደገና አቅርቢ። ካልተገኘ የአካባቢሽን ጋዜጠኛ ወትውቺ፤ እሱ ጠይቆ ያትም፣ አንቺ ጥቀሺው። የቃል ምስክርነት እንደ ምንጭ ይቆጠር የሚል ሙከራ በ2011 እ.ኤ.አ. በሕንድና በደቡብ አፍሪካ ተደርጎ ነበር፤ እንግሊዝኛው ግን እስካሁን በሩን አልከፈተለትም። በነገራችን ላይ፣ ነርሷ በሕይወት ካሉ «ይጻፍልዎት?» ብለሽ ጠይቀሻቸዋል?

ዱባይ የሚኖር ኢንጂነር፦ አማርኛው 15 ሺህ ገደማ ገጽ ነው ያለው፣ እንግሊዝኛው ከ7 ሚሊዮን በላይ። ሁሉን በኤአይ (በሰው ሠራሽ አስተውሎት) አስተርጉመን በአንድ ወር ብንሞላውስ?

እባክህ አታድርገው። የስኮትስ ቋንቋን ውክፔዲያ አንድ ቋንቋውን የማይችል አሜሪካዊ ወጣት ከ20 ሺህ በላይ ገጽ ሞላለት፤ በ2020 ሲጋለጥ ተናጋሪዎቹ የገዛ ቋንቋቸው መሳቂያ ሆኖ አገኙት። የግሪንላንድኛው ደግሞ ማንም ተናጋሪ በማያውቀው የማሽን ቋንቋ ስለተሞላ በ2025 እንዲዘጋ ተወሰነ። ጉዳቱ እዚያ አይቆምም። አንተ የምትተማመንበት ኤአይ አማርኛ የሚማረው ከእንዲህ ያለ ገጽ ጭምር ነው፤ ዛሬ ያስተረጎምከውን ስህተት ነገ አስተማሪ ሆኖ ይመልስልሃል። የትርጉም መሣሪያውን ለረቂቅ ተጠቀምበት፣ ከዚያ እያንዳንዱን ዓረፍተ ነገር ራስህ ጻፈው። በወር አሥር ገጽ ከሆነልህ አሥር። ደግሞ ስለ ሆሊውድ ተዋንያን ከምትተረጉም፣ ያደግክበትን ወረዳ ብትጽፍ ሌላ ማንም የማይሠራውን ትሠራለህ።

ሜሪላንድ ያለች አንባቢ አጎቷ የሕይወት ታሪካቸውን ውክፔዲያ ላይ ለሚያወጣላቸው ሰው ሊከፍሉ ነው፤ ቤተሰቡ ተጣልቷል።

ጋሼ ገንዘባቸውን ይያዙ። ተከፍሎት የሚጽፍ ሰው ክፍያውን በግልጽ ማሳወቅ ከ2014 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ግዴታው ነው። «ገጹ እንዳይሰረዝ ዋስትና እሰጣለሁ» ካለ ደግሞ አጭበርባሪ ነው። የጠቡን ነገር ሽማግሌ ያውቃል።

አዲስ አበባ የምትኖር አንባቢ ውክፔዲያ ላይ በእውነተኛ ስሟ ስለ ሴቶች መብት ትጽፍ ነበር። አንድ ሰው የሥራ ቦታዋን ፈልጎ አግኝቶ «እንገናኛለን» እያለ ይልክባታል። የውክፔዲያ ሂሳቤን ልዝጋው ወይ? ትላለች።

እህቴ፣ ይህ የእኔ ዓምድ ጉዳይ አይደለም። ዛሬውኑ መልእክቶቹን ከነቀናቸው ስክሪንሾት አንሺ፣ አንዱንም አትሰርዢ፣ አትመልሺለት። ከዚያ ወደ ፖሊስ ሂጂ፤ ብቻሽን ሳይሆን ከጠበቃ ወይም ከምታምኚው ሰው ጋር። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 እንዲህ ያለውን ማስፈራራት ወንጀል አድርጎታል። «ቀላል ነገር ነው» ብሎ የሚመልስሽ ካለ አለቃውን ጠይቂ። ውክፔዲያን ለሚያስተዳድረው ድርጅት፣ ለዊኪሚዲያ ፋውንዴሽንም አመልክቺ፤ የጥቃት ዛቻ የሚቀበል ክፍል አለው። ስለ ሂሳብሽ ከዚያ በኋላ ታስቢያለሽ። ለሌሎቻችሁ፦ ውክፔዲያ እውነተኛ ስም አይጠይቅም። በተለይ ሴቶች፣ በብዕር ስም ጀምሩ።

ከአዳማ አንድ አባት የከተማቸው ታሪክ ውክፔዲያ ላይ ተሳስቷል፣ ለየትኛው መሥሪያ ቤት ላመልክት ይላሉ።

ገጹ ላይ የማረሚያ ቁልፍ አለ፣ አባቴ። ምንጭዎን ይያዙና ይጫኑት።