ናሙና ወስደው ሄዱ፤ እኛስ?

ጥያቄ፦

ጋሼ፣ ዓምድዎን ሁሌ አነባለሁ። የምኖረው አቃቂ ነው፣ ወንዙ አጠገብ። የሁለት ልጆች እናት ነኝ። ክረምቱ ሲወጣ ባጅ ያንጠለጠሉ ልጆች መጥተው ከግቢያችን ጉድጓድ ውሃ ቀዱ፣ ከጎመን ማሳውም አፈር ወሰዱ። «ውሃውን ለምን ትጠቀሙበታላችሁ? ልጆቹ የት ይጫወታሉ? ጎመን ከየት ትገዣለሽ?» እያሉ ረጅም ፎርም ሞሉ። «የኅብረተሰብ ጤና ምዘና ነው» አሉን። አንዷ ጎረቤቴ ጠርሙሱ ውስጥ የሆነ ነገር ጠብ ሲያደርጉ አይታ «ውሃው ተበክሏል ብለው ሊያስነሱን ነው» ስትል ሰፈሩ ተረበሸ። እኔም ፈርቼ ጉድጓዱ «ለልብስ ብቻ ነው» አልኳቸው። ቧንቧው በፈረቃ ስለሆነ ሲጠፋ ግን ወጥም እንሠራበታለን። ትንሹ ልጄ ደግሞ እጁ ላይ ሽፍታ አለው። እስካሁን ውጤት የነገረን የለም። ይሄ ምዘና ለእኛ ምን ይጠቅመናል?

መልስ፦

እህቴ፣ ከጠብታዋ ልጀምር። ሰፈሩን የረበሸችው እሷ ናትና።

እንዲህ ባለ ሥራ ጠርሙስ ውስጥ ጠብ የሚደረገው ብዙውን ጊዜ ናይትሪክ አሲድ ነው። ውሃ ውስጥ ያለ እንደ ክሮሚየም ወይም ሊድ ያለ መርዛማ ብረት ጠርሙስ ውስጥ ሲቆይ ግድግዳው ላይ ይለጠፋል። ያኔ ላብራቶሪው ሲለካ ከእውነቱ ያነሰ ያገኛል። አሲዱ ብረቱን ውሃው ውስጥ ያቆየዋል። ለጀርም የሚወሰደው ናሙና ግን ለብቻው ነው። እሱ አሲድ አይነካውም፤ በንጹሕ ጠርሙስ ተቀድቶ በረዶ ያለበት ሳጥን ውስጥ ይገባና በ24 ሰዓት ውስጥ ላብራቶሪ መድረስ አለበት። እና ለጎረቤትሽ ንገሪያት፦ ጠብታዋ ውሃው ውስጥ ያለው ነገር እንዳይደበቅ የምትደረግ ናት።

የኔ ጭንቀት ሌላ ነው። «ለልብስ ብቻ» ያልሽው።

እኔ ጎንደር የተማርኩ ሳኒታሪያን፣ ማለትም የአካባቢ ጤና ባለሙያ ነኝ። ዕድሜዬን ያሳለፍኩት እንደነዚያ ልጆች ፎርም ይዤ ግቢ ለግቢ ስዞር ነው። ይህን መልስ በየሰፈሩ ሰምቼዋለሁ። ሰው የጉድጓድ ውሃ እጠጣለሁ ማለት ያፍራል፣ ወይም እንዳንቺ ይፈራል። ምዘናው ግን የሚቆመውም የሚወድቀውም እዚያች መልስ ላይ ነው።

ምዘና ሲባል ብዙ ሰው ላብራቶሪ ብቻ ይመስለዋል። መርዝ አለ ወይስ የለም ብሎ መለካት ግማሹ ሥራ ነው። ዋናው ጥያቄ መርዙ ሰው ጋ ይደርሳል ወይ፣ ከደረሰስ በየት በኩል ነው የሚለው ነው። ባለሙያው መንገዱን ከመነሻው ይከተላል። ከየት ተነሣ? ለምሳሌ ከቆዳ ፋብሪካ ፍሳሽ። ምን ተሸከመው? ወንዙ፣ አፈሩ፣ የከርሰ ምድር ውሃው ወይም አየሩ። ሰው የት አገኘው? በምን ገባ፣ በአፍ፣ በቆዳ ወይስ በትንፋሽ? ማን ላይ ደረሰ? ከእነዚህ አንዱ ከተቆረጠ መንገዱ ተዘጋ ተብሎ ይጻፋል።

አንቺ «ለልብስ ብቻ» ስትዪ በአፍ የሚገባበትን መንገድ ወረቀቱ ላይ ዘጋሽው። ወጡ ግን በዚያው ውሃ እየተሠራ ነው። የፋብሪካውን ቱቦ እነሱ ራሳቸው ሄደው ያገኙታል፣ ወንዙንም ያዩታል። ድስትሽ ውስጥ የገባውን ውሃ ካንቺ በቀር ማንም አይነግራቸውም።

ማሳውም ላይ እንዲሁ ነው። ትንሹና ትልቁ አቃቂ ወንዞች የከተማውን ፍሳሽ ይዘው ወርደው አባ ሳሙኤል ግድብ ላይ ይገናኛሉ፣ ከዚያ ወደ አዋሽ ነው። በመንገዳቸው ስንት የጎመን፣ የቆስጣና የሰላጣ መደብ እንደሚያጠጡ አንቺ ከኔ በላይ ታውቂዋለሽ። ጎመኑ ተቆርጦ፣ በእዚያው ቦይ ውሃ ተለቅልቆ፣ እየተንጠባጠበ አይሱዙ ላይ ሲጫን ቆሜ አይቻለሁ። ቅጠሉ ያብረቀርቃል፣ ገዢም ትኩስ ነው ብሎ ያነሣዋል። ቤት ወስደሽ በንጹሕ ውሃ ደጋግመሽ ስታጥቢው አፈሩና አብዛኛው የወስፋት እንቁላል ይሄዳል፤ በደንብ ስታበስዪው የቀረው ይሞታል። ከሥር ተመጥጦ ቅጠሉ ውስጥ የገባ ብረት ግን በማጠብም በማብሰልም አይወጣም። «ጎመን ከየት ትገዣለሽ?» ያሉሽ ለዚህ ነው።

አሁን ስለ መነሣቱ። ምዘና ሰፈር ማስነሻ ወረቀት አይደለም። የሚያወጣው ምክር ጉድጓዱ ይዘጋ፣ ቧንቧ ይምጣ፣ ፍሳሹ ይቁም፣ የልጆች ደም ይመርመር የሚል ዓይነት ነው። አልፎ አልፎ ቦታው ለመኖሪያ አይሆንም ብሎ ሊደመድም ይችላል፤ ያንን አልደብቅሽም። አሜሪካ፣ ኒውዮርክ ግዛት፣ ላቭ ካናል የሚባል ሰፈር የተሠራው የፋብሪካ ኬሚካል በተቀበረበት መሬት ላይና ዙሪያ ነበር። ሎይስ ጊብስ የምትባል እንዳንቺ የሁለት ልጆች እናት እ.ኤ.አ. በ1978 ቤት ለቤት እየዞረች የጎረቤቶቿን ሕመም መዝግባ ጮኸች። ተነሥተዋል፣ አዎ። ግን «ቤታችንን ግዙንና አስወጡን» ያሉት እነሱ ናቸው፣ መንግሥትም ቤታቸውን ገዛ። እ.ኤ.አ. በ1980 በወጣው ሕግ ደግሞ ይህን ምዘና የሚሠራ መሥሪያ ቤት ተቋቋመ። እናቶቹ በየሳሎኑ የጻፉትን ባለሙያዎቹ መጀመሪያ ቢያጣጥሉትም፣ ጩኸታቸው ጉዳዩ እንዳይረሳ አድርጓል።

እኛም አገር መጋቢት 2 ቀን 2009 ቆሼ ላይ የሆነውን እናስታውሳለን። የቆሻሻው ክምር ተንዶ ከ110 በላይ ሰው ሞተ። ክምሩ ለማንም የተሰወረ አልነበረም፣ ሥሩ ሰው መኖሩም እንዲሁ። እኔ ይህን ሳስብ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። አደጋው ከታወቀ በኋላ ዝም ማለት ማንንም በቦታው አላቆየም።

የልጅሽን ሽፍታ በተመለከተ ምዘናው መልስ አይሰጥሽም። እሱ ስለ ሰፈሩ ነው የሚናገረው። ልጁን ጤና ጣቢያ ውሰጅው፣ በጉድጓድ ውሃ እንደሚታጠብም ለሐኪሙ ንገሪው። ካልነገርሽው አይጠይቅሽም።

ውጤቱን ደግሞ ቁጭ ብለሽ አትጠብቂ። ይህ የዘርፉ ትልቁ በሽታ ነው። ናሙና ይወሰዳል፣ ሪፖርት ይጻፋል፣ መደርደሪያ ላይ ይቀራል፣ ውሃውን የሚጠጣው ሰው አይሰማም። በጣም ያናድደኛል። ከጎረቤቶችሽ ጋር ሆናችሁ ለወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት ደብዳቤ ጻፉ። መቼ እንደመጡ፣ ከየትኛው ጉድጓድ እንደቀዱ፣ ባጃቸው ላይ ምን እንደነበረ አስፍሩ። ደብዳቤው ላይ ያንን መልስ አስተካክዪ፦ ቧንቧ ሲጠፋ ለምግብም እንጠቀማለን በዪ። «ደህና ነው» ቢሏችሁ ቁጥሩን ጠይቁ። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው ወሰን ለክሮሚየም 0.05፣ ለሊድ 0.01 ሚሊግራም በሊትር ነው። ኢ ኮላይ የሚባለው ጀርም ደግሞ በ100 ሚሊሊትር ውስጥ አንድም መገኘት የለበትም።

ፍሳሽ የሚለቅ ፋብሪካ ካለም ዝም አትበሉ። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 44 ላይ ንጹሕና ጤናማ አካባቢ ውስጥ የመኖር መብት ሰጥቷችኋል። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ደግሞ ማንም ሰው «እኔን በቀጥታ ጎዳኝ» ብሎ ማስረዳት ሳይጠበቅበት ለአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤቱ አቤት እንዲል ይፈቅዳል። በ30 ቀን ውስጥ ውሳኔ ካልተሰጠ፣ ወይም ውሳኔው ካላረካችሁ፣ በ60 ቀን ውስጥ ፍርድ ቤት መሄድ ይቻላል። ያስገባችሁበትን ቀን ቅጂው ላይ አስመቱ።

እስከዚያው የጉድጓዱን ውሃ ለወጥም ለሻይም አትጠቀሚ። ማፍላት ጀርም ይገድላል፤ ብረት ግን አያጠፋም፣ እንዲያውም ውሃው ሲተን የቀረው ላይ ይበዛል። ፈረቃው ሲመጣ ጀሪካኖቹን መጀመሪያ ለምግብና ለመጠጥ ሙዪ። ክዳናቸው ይገጠም፣ የልብሱም ጀሪካን ለብቻው ይሁን።