«አንድሮይድ ወይስ አይፎን?» ላላችሁኝ

ሰሞኑን አንዲት ተማሪ «ጋሼ፣ አፕ መሥራት ልጀምር ነው። አንድሮይድ ይሻለኛል ወይስ አይፎን?» አለችኝ። ቶሎ መመለስ አቃተኝ። የቆየ ጸጸት ቀሰቀሰችብኝ።

እኔ የጀመርኩት በሲምቢያን ነው። ያኔ የኖኪያ ስማርት ስልኮች የሚሠሩበት ሲስተም ነበር። ኮዱ አያድርስ ነው። የሜሞሪ አያያዝ ላይ ትንሽ ከተሳሳትክ አፑ ድርግም ይላል። እሱን ለመልመድ ሁለት ዓመት ፈጀብኝ። ከዚያ የመድኃኒት ሰዓት የሚያስታውስ አፕ ሠራሁ። ሰው ወደደው።

እ.ኤ.አ. በ2008 የአፕል አፕ ስቶር ተከፈተ። የመጀመሪያው የአንድሮይድ ስልክም በዚያው ዓመት ወጣ። አብሮኝ የሚሠራ ልጅ አንድ ቀን አይፎን ይዞ መጣ። ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠና የስሞቹን ዝርዝር በአውራ ጣቱ ገፋ አደረገው። ጣቱን ካነሳ በኋላም ዝርዝሩ ትንሽ ሄዶ ቀስ ብሎ ቆመ። አሁንም ዓይኔ ላይ አለ።

«የኛን አፕ እዚህ ላይ እንሥራው» አለኝ። እምቢ አልኩ። «ፋሽን ነው፣ ያልፋል» አልኩት። እውነቱ ግን ሌላ ነበር፤ እንደገና ጀማሪ መሆን ፈርቼ ነው።

ብዙም ሳይቆይ አንዲት ሴት ጻፈችልኝ። «ስልክ ቀየርኩ። የእናቴን መድኃኒት የምሰጠው በእናንተ አፕ ነበር። አዲሱ ላይ የት ላግኘው?» «በቅርቡ» ብዬ መለስኩላት። አልሠራሁትም። እ.ኤ.አ. በ2011 ኖኪያ ራሱ ሲምቢያንን ትቶ ወደ ማይክሮሶፍቱ የስልክ ሲስተም፣ ወደ ዊንዶውስ ፎን፣ እንደሚዞር አስታወቀ። አይፎኑን ያመጣው ልጅ ያኔ ከእኛ ጋር መሥራት ካቆመ ቆይቷል።

ስለዚህ መጀመሪያ ተጠቃሚዎቻችሁ እጅ ላይ ያለውን ስልክ እዩ። አንድሮይድ ከሆነ፣ አሮጌና ደካማ ስልክ ላይ ሳትሞክሩ አታውጡት። የአይፎን አፕ ለመሥራት ማክ ኮምፒውተር ያስፈልጋል፤ አፕ ስቶር ላይ ለማውጣት አፕል በየዓመቱ ያስከፍላል፣ የአንድሮይዱ ጎግል ግን አንዴ ብቻ። ፍላተር በሚባል የአፕ መሥሪያ አንድ ኮድ ጽፎ ለሁለቱም ማውጣት ይቻላል።

የዛሬ ልጆች ግን አንዱን ሳትጨርሱ ወደ ሌላው ትዘላላችሁ፤ ይሄ አይዋጥልኝም። አንዱን ይዛችሁ ጠልቃችሁ ግቡበት። አዎ፣ እኔን የጎዳኝ እንዲህ ሙጭጭ ማለቴ ነው። ግን ሲምቢያን ያስተማረኝ የሜሞሪ ቁጠባ ዛሬም እንጀራዬ ነው። ሁለቱንም የምለው ከልቤ ነው።

ተማሪዋን «አፑን የምትሠሪው ለማን ነው?» አልኳት። ለክፍሏ ልጆች ነው። «ምን ስልክ ይዘዋል?» ስላት ዝም አለች። ጠይቃ ልትመለስ ተቀጣጥረናል።