መልስ፦ የጋላድሪኤል አረንጓዴ ድንጋይ ጥሎሽ ነው ወይ?
በቶልኪን «የቀለበቶች ጌታ» ልብ ወለድ የአርዌን አያት ጋላድሪኤል ለአርዌን እጮኛ ለአራጎርን ድንጋዩን ለምን ሰጠችው ላልሽው፦ በከፊል የጋብቻ ስጦታ ነው፤ ግን እንደኛ ጥሎሽ ከወንዱ ወገን ብቻ አይሄድም። በኖልዶር፣ ማለትም ከማይሞቱት የኤልፍ ሕዝብ በአንዱ ወገን፣ ወግ የሙሽራዋ እናት ለሙሽራው፣ የሙሽራው አባት ለሙሽራዋ በሰንሰለት ያለ ዕንቁ ይሰጣሉ። የአርዌን እናት ኬሌብሪያን ባሕር ተሻግራ ስለሄደች ጋላድሪኤል በልጇ ቦታ ገባች። ድንጋዩም ከእሷ ወደ ልጇ፣ ከልጇ ወደ አርዌን የወረደ ነው።

ቀለበት ሌላ ነገር ነው፣ አታምታቺው። ለእጮኝነት የብር፤ ቢያንስ ከ1 ዓመት በኋላ በሠርጉ የወርቅ፣ በቀኝ እጅ ጠቋሚ ጣት። ያኔ የብሩን ቀለበት አንዱ ለሌላው ይመልሳል።

የአራጎርንና የአርዌን ዝምድና ግን የመንዝ ሽማግሌ ሰባት ቤት ሲቆጥር ያደክመዋል፦ ከአራጎርን እስከ ዘር አባቱ ኤልሮስ ከ60 ትውልድ በላይ ነው፤ ለአርዌን ግን ኤልሮስ የአባቷ ወንድም፣ አጎቷ!