አጎትህ አዋጅ ከማርቀቃቸው በፊት መመሪያውን በእጃቸው ያስገቡ

ወንድሜ፣ «አጎቴ የፓርላማ አባል ናቸው፣ ለፈጠራ የሚመች ፖሊሲ እንዲኖር መሥራት ይፈልጋሉ፣ ከየት ይጀምሩ?» ብለህ የጠየቅከውን አይቼ ማለፍ አቃተኝ። ከእኔ በፊት የመለሱልህ ሁሉ «አዲስ አዋጅ ያርቅቁ» ብለውሃል። እኔ እዚሁ ጅማ በዚያ ምክር አንድ ዓመት ተኩል ተቃጥያለሁ።

1ኛ፣ ፈጠራውን ያነቀው የትኛው ወረቀት እንደሆነ ይለዩ። አዋጅ የምክር ቤቱ ነው፣ ደንብ የሚኒስትሮች ምክር ቤት ነው፣ መመሪያ ግን መሥሪያ ቤቱ ራሱ የሚያወጣው ነው። በርም የሚዘጋው የሚከፈተውም አብዛኛውን ጊዜ እዚያ ታች ነው። ብሔራዊ ባንክ በ2012 ባንክ ላልሆኑ ተቋማት የሞባይል ገንዘብን በር የከፈተው በመመሪያ ነበር፤ በዓመቱ፣ ግንቦት 2013፣ ቴሌብር ሥራ ጀመረ።

እኔ በያጅ ነኝ። የእኛ አካባቢ ቡና አብዛኛው ሳይታጠብ፣ ጀንፈል ሆኖ፣ ማለትም ከነቅርፊቱ ነው የሚደርቀው። ኅዳር ላይ ያልታሰበ ዝናብ ከመታው ይሻግታል፣ ዋጋውም ይወድቃል። እናቴ ደመና ባየች ቁጥር ላስቲክ ይዛ ስትሮጥ ነው ያደግኩት። ስለዚህ እጀታውን አንዴ ስታዞረው ከዳር እስከ ዳር የሚሸፈን የቡና ማድረቂያ አልጋ ሠራሁ። በእጄ ከሠራኋቸው ሁሉ የምኮራበት እሱ ነው። አንድ የገበሬዎች ማኅበር አይቶ ወደደውና ጨረታ ሲያወጣ ተወዳደር አለኝ። ለብረት መግዣ 140 ሺህ ብር ተበደርኩ።

ፈቃድ ወደሚሰጥ አንድ ቢሮ ሄድኩ። ሠራተኛው ቀና ብሎ እንኳ ሳያየኝ «ይሄ መደብ የለውም፣ በርና መስኮት አድርገህ አውጣ» አለኝ። የምሠራው በርና መስኮት አይደለም ብዬ ፎቶ አሳየሁት። «የሌለ ነገር ሠርተህ መጥተህ ፈቃድ ስጡኝ ትላለህ?» አለ፣ ወረፋ የያዘው ሰው ሁሉ እየሰማ። አራት ቀን ተመላለስኩ። በመጨረሻ ተስፋ ቆርጬ በበርና መስኮት አወጣሁ። ጨረታው ሲከፈት «በዘርፉ የታደሰ ንግድ ፈቃድ» የሚለውን አላሟላህም ተብዬ ዋጋዬ ሳይነበብ ወጣሁ። ብረቱ ግቢ ውስጥ ዝጎ ቀረ፣ ዕዳው ግን አልቀረም።

ስህተቴ የሚጀምረው ከዚህ በኋላ ነው። እንደኔ የተበደሉ ሁለት ልጆችና አንድ የዩኒቨርሲቲ መምህር ሆነን «የአገር ውስጥ ፈጣሪዎች አዋጅ» የሚል 38 ገጽ ረቂቅ ጻፍን። ተመራጫችን በአክብሮት ተቀበሉን፣ ለሚመለከተው ቋሚ ኮሚቴም አደረሱልን። አንድ ዓመት አልፎ ስንጠራ አንድ የሕግ ባለሙያ «ከለከለን የምትሉት የትኛው ሕግ ነው? አንቀጹስ?» ብላ ጠየቀችን። አራታችንም ዝም አልን። ያንን ወረቀት ከመካከላችን ያየው ሰው አልነበረም። በቃ፣ የመስኮቱን ሠራተኛ ቃል እንደ ሕግ ይዘን ነበር የምንጽፈው።

ተመራጩ ያኔ ያደረጉት ቀላል ነገር ነበር። የንግድ ሥራ መደቦች ዝርዝር ከነቁጥሩ እንዲላክላቸው በደብዳቤ ጠየቁ። በሦስት ሳምንት መጣ። የእርሻ መሣሪያ ማምረት የሚል መደብ በግልጽ ተጽፎበታል! ለካ የመስኮቱ ሠራተኛ ጠረጴዛ ላይ የነበረው አሮጌ ፎቶኮፒ ነው። 38ቱን ገጽ ከመጻፋችን በፊት ይህች ደብዳቤ ተጽፋ ቢሆን ኖሮ ዕዳዬን በዚያው ዓመት ከፍዬ ነበር። ዛሬ አልጋዎቼ በጎማ ወረዳና በማና ወረዳ ቡና እያደረቁ ነው።

2ኛ፣ አጎትህ አዋጅ ቁጥር 1183/2012ን ይያዙ። የፌዴራል መሥሪያ ቤት መመሪያ ሲያወጣ ረቂቁን ለሕዝብ አስተያየት ማቅረብ አለበት፤ ያልተመዘገበና በድረ ገጽ ያልወጣ መመሪያ ደግሞ ተፈጻሚ አይሆንም። እሳቸው ሚኒስትር ፊት ቆመው «ፈጠራን ለምን አትደግፉም?» ቢሉ የሚያገኙት ረጅም ሪፖርት ነው። «ይህ መመሪያ ተመዝግቧል ወይ? አዲሱ ዝርዝር ታች መስኮት ድረስ ደርሷል ወይ?» ቢሉ ግን መልሱ ወይ አዎ ነው ወይ አይደለም፣ ማምለጫ የለውም። መመሪያው የክልል ከሆነ የክልሉ ምክር ቤት፣ እዚህ እኛ ጋ የጨፌ ኦሮሚያ፣ አባል አብረው ይያዙ፤ እኛ ይህንንም ዘግይተን ነው የገባን።

የጨረታ ሰነዱንም አይርሱ። ተመሳሳይ ሥራ ከዚህ በፊት ስለመሥራትህ የመልካም ሥራ አፈጻጸም ደብዳቤ ይጠየቃል። አዲስ ነገር የሠራ ሰው ከየት ያመጣል? ለእኔ ከገንዘብ ድጋፍ ሁሉ ይልቅ ለአገር ውስጥ አዲስ ሥራ ይህች መስፈርት በናሙና ሙከራ ብትተካ ይበልጥብኛል። እዚህ ላይ አጎትህ አጥብቀው ቢይዙልን ደስ ይለኛል።

ጊዜውን በተመለከተ፣ በሕገ መንግሥቱ ምክር ቤቱ የሚሠራው ከመስከረም የመጨረሻ ሳምንት ሰኞ እስከ ሰኔ 30 ነው፣ በመሃል የአንድ ወር እረፍት አለው። በጀቱ ሐምሌ 1 ስለሚጀምር ገንዘብ የሚነካ ሐሳብ ሰኔ ላይ ይዞ መሄድ ከንቱ ነው። የእኛ ተመራጭ ሥራዬን ሊያዩ የመጡት ክረምት ላይ ነበር። ባዶ ብረት አይተው «ጥሩ ነው» ብለው ሄዱ። በሚቀጥለው ዓመት ኅዳር ላይ ለምኜ አንድ ቅዳሜ አመጣኋቸው፤ ጀንፈሉ አልጋው ላይ ተሰጥቶ ሳለ ዝናብ ጣለ፣ እናቴ እጀታውን ስታዞር ቆመው አዩ። ደብዳቤውን የጻፉት ሰኞ ነው። አጎትህንም ኅዳር ላይ ይዘሃቸው ና፣ ግን መጀመሪያ የተከለከልክበትን መመሪያ ቁጥር ጽፈህ ላክልኝ።